ጭንቅና ጭንቀት

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዲያቆን ይሻው፣

ደብዳቤህን ሹፌር ጌጡ ትናንት ከትምህርት ቤት ስወጣ ሰጠኝ። ሰላምታህ ብቻውን አንድ ገጽ ሙሉ ሄዷል። ከእኔ ጀምረህ አክስቴን፣ የአክስቴን ጎረቤቶች፣ ዶሮዎቹን ሳይቀር ሰላም ብለህ፣ ዋናውን ነገር ከፊርማህ በላይ ባለች አንዲት መስመር ወሽቀሃታል። ዲያቆን ሲያፍር ሰላምታው ይረዝማል ልበል?

እኔም ደህና ነኝ። አክስቴ የሺም ደህና ናቸው፤ ለሠርጉ ከአሁኑ ብቅል ካላበቀልሁ እያሉ በስንት ልመና ነው የያዝኋቸው። የኔታ ስልክ ስለከለከሏችሁ እግዜር ይስጣቸው። ስልክ ቢኖርህ ይህን ሁሉ አክስቴ ፊት ጮክ ብዬ ማውራት ነበረብኝ፤ አሁን የጠየቅኸኝ ደግሞ ጮክ ተብሎ የሚወራ አይደለም።

ያስጠየቁህ እናትህ መሆናቸው ገብቶኛል። ከጥር እሑዶች የትኛው ይመቻታል ማለት ለሌላ ሙሽራ ቀላል ጥያቄ ነው። ለቁርባን ሙሽራ ግን፣ በወር አበባዋ ሳለች ቤተ ክርስቲያን አትገባምና፣ ልማድሽ መቼ መቼ ነው ማለት ነው። ለእናትህ ንገርልኝ፤ ቀኑን አሁን ልቆርጥ አልቻልሁም። ለምን እንዳልቻልሁ ለራሴም በደንብ ሲገባኝ እነግርሃለሁ።

ስለ ጤናዬ የጠየቅኸውን ግን ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ። ከመታጨታችን በፊት የነገርሁህ ጭንቀት ረግቦልኛል። ታስታውሳለህ፣ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ገና ፊደል ሳስቆጥር ልቤ ይደልቅ፣ ጣቶቼ ይደነዝዙ፣ በቃ አሁን ሞትሁ እል ነበር። ለፋሲካ ሰሞን ዶክተር ሊድያ ያዘዘችልኝ ክኒን ግማሽ ጤናዬን መለሰልኝ። ክረምት ላይ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሁለተኛ ክኒን ጨመረችልኝ፤ እሱ ደግሞ እንቅልፌን ሰጠኝ። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ነው የደረሰኝ። ክፍሉ በልጅ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ እስከ ዛሬ አንድም ቀን አቋርጬ አልወጣሁም። በዚህ ከእኔ ጋር ደስ ይበልህ።

ዜማህ እንዴት ነው? የኔታ አሁንም ድምፅህ ከአንገትህ ሳይሆን ከአፍንጫህ ነው የሚወጣ ይሉሃል?

ውብአለም


ጋይንት፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

በእግዚአብሔር ሰላም ለተወደድሽው ለእጮኛዬ ለውብአለም፣

ዶሮዎቹን የተውኋቸው ፈርቼሽ እንጂ ረስቻቸው አይደለም። አክስትሽን እትዬ የሺን ግን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ።

ጥያቄውን በመጠየቄ ይቅር በይኝ። መስመሯን ከመጻፌ በፊት ብዕሬን ስንት ጊዜ እንዳስቀመጥሁት የዜማ ቤት ጓደኞቼ አይተው ስቀውብኛል። እናቴ ግን ቆርጣ ተነሥታለች። "ልጅቷ ቀኗን ካልነገረችኝ ድግሱን በየትኛው እሑድ ልደግስ? እንደ ዝናብ ሰማይ እያየሁ ነው እንዴ?" አለችኝ። አንቺ ሲመችሽ ብቻ ነው። እኔ አልቸኩልም ብዬ ልዋሽሽ ግን አልችልም።

የምቸኩልበትን አንቺም ታውቂዋለሽ። የአባቴ የቄስ አድማሱ ዓይን ከዓመት ዓመት እየደከመ ነው። ባለፈው እሑድ ወንጌሉን በቃላቸው ነው የዘለቁት፤ መጽሐፉ ለወጉ ተይዞ ነበር። ከጋሳይ ወዲያ ላለችው ለዚያች ደብራችን ከእሳቸው በኋላ ቄስ የለም። ሕዝቡ የሚጠብቀው እኔን ነው፤ እኔ ደግሞ ድንግል በቁርባን ሳላገባ ቅስና አልቀበልም፣ ሥርዓቱ ነው። ይህን የምጽፈው ልጫንሽ አይደለም። "ቀኑ መቼ ነው?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው የምመልሰው ስላጣሁ ነው።

ክፍልሽን ሳታቋርጪ በመዋልሽ እንደ ራሴ ደስ ብሎኛል። ድምፄ አሁንም ከአፍንጫዬ ነው።

ይሻው


ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይሻው፣

አጭር ስለምጽፍ አትቀየመኝ። እጄ ደህና አይደለም፤ ከጽሑፌም ታየዋለህ።

ስለ ቀኑ ለጊዜው አትጠይቀኝ። ክኒኖቹን ሁለቱንም ትቻለሁ። ለምን ተውሻቸው ማለትህ አይቀርም፤ እሱንም አትጠይቀኝ። በወረቀት ልጽፈው ተቀምጬ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። አክስቴም አያውቁም። እንቅልፌ ሄዷል፤ ልቤም ወደ ድሮ ጠባዩ እየተመለሰ ነው። ነገሩ ሲያልፍ እጽፍልሃለሁ።

በጸሎትህ አስበኝ። እናትህን ሰላም በልልኝ፤ በእኔ እንዳይከፉ።

ውብአለም


ጋይንት፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለውብአለም፣

ይህ ደብዳቤ በሰላም ተገላግለሽ፣ አራስ ቤት ሳለሽ እንዲደርስሽ እመኛለሁ።

ወሬው የደረሰኝ ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ነው። ከነፋስ መውጫ ገበያ የመጣ ሰው "እጮኛህ በጭንቅ ላይ ናት፣ ሐኪም ቤት ገብታለች፣ ማርያም ትቅረባት" አለኝ። የሰማሁትን ሰምቼ ወደ ጎጆዬ ገባሁ። መጀመሪያ አላመንሁም። ከዚያ ቀኑን ልትነግሪን አለመቻልሽን፣ "አትጠይቀኝ" ማለትሽን፣ የተቀደዱትን ወረቀቶች አንድ ላይ ሳደርጋቸው ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ለመስቀል ስንገናኝ ጋቢ ደርበሽ ነበር፤ እኔም ስለ ሴት ገላ የማውቀው ነገር የለኝም።

አልረግምሽም። አባቱ ማን ነው ብዬም አልጠይቅሽም። ሰው ነሽ፤ ሰው ደግሞ ይወድቃል። ለሽማግሌዎቹ እኔ ራሴ ነኝ የተውሁት እላቸዋለሁ፤ ስምሽ በእኔ በኩል አይነሣም። ለሠርጉ የተሸመነውን ጋቢ ለልጁ አድርጊው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ወንድ ከሆነ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያው፣ የክርስትና አባት ያጣሽ እንደሆነ እኔ አለሁልሽ። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ለሦስት ቀን ድምፄ አልወጣ ብሎኝ የኔታ ከማኅሌት አስቀርተውኛል። እሱም ያልፋል።

ወንድምሽ ዲያቆን ይሻው አድማሱ


ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዲያቆን ይሻው አድማሱ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ ቸርነትዎ አመሰግናለሁ። የክርስትና አባት ለመሆን መመኘትዎም መልካም ነው፤ የሚነሣ ልጅ ግን የለም። አልወለድሁም። አላረገዝሁም። ወንድ አላውቅም። ለመስቀል ወገቤን በመቀነት አስሬ ያዩኝ ልጅ ለኅዳር ወላድ ስሆን፣ ቅዱሳት መጻሕፍት የሚያገላብጥ ሰው ወራቱን መቁጠር እንዴት ያቅተዋል?

ጌጡን ጠይቄዋለሁ። "ውብአለም ተጨንቃ ሐኪም ቤት አደረስኋት ነው ያልሁ፤ ሌላ ቃል ካፌ አልወጣም" ብሎ ምሎልኛል። ከደብረ ታቦር ስትነሣ ተጨንቃ የነበረችው ሴትዮ ነፋስ መውጫ መናኸሪያ ላይ ጭንቅ ላይ ሆነች፤ እርስዎ ዘንድ እስክትደርስ ወለደች። ይህን ያደረገ ሕዝቡ ነው እንበል። ያመኑት ግን እርስዎ ነዎት።

ተናድጃለሁ። ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ እንዲህ አልናደድም ነበር። ሳይጠይቁኝ ይቅር አሉኝ፤ ያላጠፋ ሰው ይቅር ሲባል ምን እንደሚመስለው ያውቃሉ?

እንግዲያው የደበቅሁትን ልንገርዎ። ማፈር የነበረብኝ ያኔ ነው፤ አሁን አልፎኛል።

ከመስከረም በፊት ጀምሮ የወር አበባዬ ቀርቷል። ለእናትዎ ቀን ያልነገርሁት የምነግረው ቀን ስላልነበረኝ ነው። ከዚያ ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ደረቴ ረጠበብኝ። ውኃ የፈሰሰብኝ መስሎኝ ነበር። ወተት ነው። ልጇን ልታደርስ የመጣች አንዲት እናት በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሄደች። ማታውን ሰፈሩ ሰማ። በማግስቱ አንዲት ባልቴት አክስቴ ቤት ገንፎ ይዘው መጥተው "ከመቼው ደበቃችሁን?" አሉ። አክስቴ ገንፎውን ከነሳህኑ መለሱላቸው፤ ከዚያ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ያቺ አስተያየት እስከ ዛሬ አለችኝ።

ሁለተኛውን ክኒን ከጀመርሁ ወዲህ የመጣ ነገር መሆኑን ጠርጥሬ ነበር። ሐኪሟን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን ይህን በምን አፌ ልጠይቅ? ሁለቱንም ክኒን ሽንት ቤት ጣልኋቸው። ሳምንት ሳይሞላ ጭንቀቱ ከነጓዙ ተመለሰ። ክፍል ውስጥ ወደቅሁ። ልጆቹ ጮኹ፣ ዳይሬክተሩ ጌጡን ከመንገድ አስቁሞ አሳፈረኝ። የተጨነቅሁት ያን ቀን ነው።

ሐኪም ቤት ያገኘችኝ ነርስ መጀመሪያ "ትዳር አለሽ?" አለችኝ። የለኝም አልሁ። "የወር አበባሽስ?" ቀርቷል አልሁ። ሽንት ስጪ ተባልሁ። ይሻው፣ እንዳላረገዝሁ እያወቅሁ ውጤቱን እስክትነግረኝ ራሴን ተጠራጠርሁ። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲል ገላዬ ራሱ እኔን ትቶ ከእነሱ ጋር የሆነ መሰለኝ። "የለም" አለችኝ። ከዚያ ደም ተወስዶ ባሕር ዳር ተላከ።

ዶክተር ሊድያ ውጤቱ ሲመጣ አስቀምጣ አስረዳችኝ። በእያንዳንዱ ሰው አንጎል ሥር የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች። ወተት ይምጣ የሚለውን ትእዛዝ ወደ ደም የምትልክ እሷ ናት፤ ትእዛዙ ሆርሞን ይባላል፣ ይህኛው ፕሮላክቲን ነው ስሙ። አንጎል ሁልጊዜ "አሁን አይደለም" እያለ ይዟታል። ያ ሁለተኛው ክኒን የሚያረጋጋው አንጎልን ነውና፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ያንን ከልካይም አብሮ ያስተኛዋል። እረኛው ሲተኛ ከብቱ ማሳ ይገባል። ሰውነት አጥቢ ነኝ ብሎ ያምናል፤ አጥቢ ደግሞ ልማዷ ይቀራል። በሽታ አይደለም፣ ኃጢአት አይደለም፣ ልጅም አይደለም። "በድንገት ከመተውሽ በፊት ብትነግሪኝ ኖሮ አትወድቂም ነበር" ብላ ተቆጣችኝ። "ዶክተር፣ ለእርስዎ ለመንገር እኮ መጀመሪያ ለራሴ መንገር ነበረብኝ" አልኋት።

የመጀመሪያውን ክኒን መልሼ ጀምሬያለሁ። ሁለተኛው ቀርቷል። ወተቱ ይቆማል፣ ልማድሽም ይመለሳል፣ መቼ እንደሆነ ግን በእርግጥ ልነግርሽ አልችልም ብላኛለች።

ጋቢውን ለልጁ አድርጊው ብለዋል። ለአክስቴ ዶሮዎች አልጋ አድርጌዋለሁ።

ውብአለም ዘውዱ


ጋይንት፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውብአለም፣

ሰላምታ ለመጻፍ አፍ የለኝም።

ደብዳቤሽን ቆሜ ማንበብ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስሁት። "አንቱ" ያልሽኝ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። የሰው ወሬ አምኜ አንቺን ሳልጠይቅሽ ቀረሁ። ይቅርታ ማድረጌን እንደ ትልቅ ነገር ቆጥሬ፣ እንዲያውም በራሴ ጥቂት ሳልኮራ አልቀረሁም። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እውነት ነው። ይቅር በይኝ ልበልሽ። ዛሬ አትመልሽልኝ፤ ሲሆንልሽ።

ለየኔታ ሁሉንም ነገርኋቸው። ሲሰሙኝ ቆይተው፣ ሳቃቸውን እንደምንም ውጠው፣ "ይህን ሁሉ ዘመን ግስ አስተምሬህ ጭንቅና ጭንቀት መለየት አቃተህ?" አሉኝ። ከዚያ ከበድ ብለው፣ "ልጄ፣ እኔም ከብዙ ዘመን በፊት ማኅሌት ላይ ቆሜ ልቤ እንዲያ ይመታ ነበር። ያኔ ክኒን አልነበረ፣ ሐኪምም አልነበረ፤ ሰይጣን ነው ተብዬ ብዙ ተገረፍሁ። እሷ ሐኪም በማግኘቷ አመስግን" አሉኝ። ይህን ከእሳቸው አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ልደብቅሽ የማልችለው ሌላ ነገር አለ። ለሁለት ቀን አስፈቅጄ ቤት ሄጄ ነበር። ወሬው እዚያም ደርሷል። ሆርሞኑን እንደጻፍሽልኝ አድርጌ ለአባቴ አስረዳሁ። አተሯን ያዙልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን አልያዙልኝም። "አውቃለሁ፣ ልጅቷ ጨዋ ናት። የሰው አፍ ግን በአተር አይዘጋም። ሁለት ባልቴቶች ይዩአትና ይመስክሩ፤ ወንዛዬ ጸበልም ትውረድና ትጠመቅ" አሉ። ቃላቸው ይህ ነው። እኔ ምን ብዬ እንደመለስሁ አሁን አልጽፍልሽም፤ አንቺ የምትይውን በነፃነት እንድትይ ነው።

ይሻው


ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይሻው፣

አንቱታውን አንሥቼልሃለሁ። ለእኔም ከብዶኝ ነበር።

ወንዛዬ ወርጃለሁ። አባትህ ባይሉም አክስቴ ሳይወስዱኝ አይቀሩም ነበር። ፍልውኃው መልካም ነው፤ ትከሻዬ ከስንት ጊዜ በኋላ ተፈታልኝ። ክኒኔን በከረጢት ይዤ ነበር የወረድሁት። አንዲት ሴትዮ ስውጥ አይታኝ "ጸበል ላይ መጥተሽ?" አለችኝ። "እመቤቴ፣ እሱ ነው እግሬን አጽንቶ እዚህ ያደረሰኝ" አልኋት። ሄድ መለስ አለችና የልጇን ሕመም ታማክረኝ ጀመር።

የባልቴቶቹን ነገር ግን አይሆንም። ለሐኪም፣ ልታከም፣ ገላዬን አሳይቻለሁ። ለምስክርነት አላሳይም። አባትህን አከብራቸዋለሁ፤ እጃቸውን ስሜ፣ እግራቸው ላይ ወድቄ አይሆንም እላቸዋለሁ። ደግሞም አስበው፤ አሁን ጭንቀቴ ገና ከጓዳ ሳይወጣ ሁለት ባልቴቶች ፊት ብታስተኙኝ ከዚያ አልጋ የምነሣ ይመስልሃል?

የሐኪም ቤቱ ወረቀት እጄ ላይ ነው። እርጉዝ አይደለችም ይላል፣ ማኅተም አለው። በጌጡ እጅ ልልክልህ እችል ነበር። አልልክም። ወረቀት አይቶ የመጣ ሰው ነገ ሌላ ወረቀት ይፈልጋል፤ ደግሞ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ብወድቅ፣ አንድ ቀን ደረቴ ቢረጥብ፣ እንደገና ማስረጃ ላቀርብ ነው። በዚህ ሁኔታ መኖር አልችልም። ታምሜያለሁ፣ ታክሜያለሁ፣ ቃሌን ነግሬሃለሁ። በቃሌ ከሆነ ና። ካልሆነም አልጣላህም።

ይህንንም ጨምረህ ወስን፤ ክኒኑን ከሠርጉ በኋላም እውጣለሁ። ሐኪሟ ዓመትም ሊሆን ይችላል ብላለች። የቄስ ሚስት ክኒን ስትውጥ የሚያፍር ቤት ከሆነ አሁኑኑ ይነገረኝ።

ወተቱ ቀንሷል። ልማዴ ገና አልተመለሰም። ልቤ ግን ትናንት ክፍል ውስጥ ተነሥቶ፣ ጠመኔውን አስቀምጬ ቀስ ብዬ ስተነፍስ፣ ራሱ ተቀመጠ። አንዷ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ምን እየሰማሽ ነው?" አለችኝ።

ውብአለም


ጋይንት፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውብአለም፣ ሰላም ለኪ፣

ለአባቴ የመለስሁትን አሁን ልጻፍልሽ። "አባባ፣ እሷ የምትታይ ከሆነ ቅስናው ይቅርብኝ" ነው ያልኋቸው። ያን ቀን እንደዚያ ስል አንቺ እሺ ልትዪ ትችዪ ነበር፣ እምቢም ልትዪ ትችዪ ነበር። እኔ ግን አንቺን አምኜ ሳላበቃ መሠዊያ ፊት ቆሜ ምን ብዬ እንደማስታርቅ አላውቅም።

"ደብሩስ?" አሉኝ።  ወጥቼ ቀኑን ሙሉ ደጅ ተቀምጬ ዋልሁ። ደብሩን መዝጋቴ እንደሆነ አውቄያለሁ፣ ውብአለም፤ ቀላል መስሎ እንዳይታይሽ። ልነሣ ስል በማለዳ ጠሩኝ። "እስቲ ያ ክኒን፣ ሰውየው ካልዋጠው ልቡ ይመታል ነው የምትለው?" አሉኝ። አዎ አልሁ። "ሲውጠው ይቀመጣል?" አዎ። አሰቡ፣ አሰቡና፣ "ለዓይንስ አለው?" አሉ።

የአንቺን ደብዳቤ ትናንት በመልእክተኛ አስነብቤያቸዋለሁ። "አይሆንም አለች?" ብለው ደግመው ጠየቁ አሉ። ከዚያ "እንግዲህ ልጄ ካመናት እኔ ከሱ በልጬ ማን ልሁን" ብለዋል። ባልቴቶቹ ቀርተዋል።

ወረቀቱን አትላኪልኝ። ጥር 18 እሑድ እንዲሆን እናቴ ወስናለች፤ ልማዱ ከመጣ ቀኑ ይታያል፣ ካልመጣም የሚከለክለን የለም ብላለች። ከጥምቀት በኋላ ወርጄ መጀመሪያ ዶክተር ሊድያ ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ለቁርባኑ ስንጾም ክኒንሽን በስንት ሰዓት መዋጥ እንዳለብሽ ልጠይቃት፤ አንቺ ረስተሽው ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጥቼበታለሁ።

ይሻው


ደብረ ታቦር፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይሻው፣

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰህ።

ድግሱ እንደተደገሰ፣ ጠላው እንደተጠነሰሰ፣ ሰው እንደተጠራ አውቃለሁ። አክስቴ ከእኔ ጋር ሊጣሉ ምንም አልቀራቸው። ቢሆንም ሠርጉ ከጥር 18 ወደ ጥር 25 ይሻገርልኝ። ምክንያቱን አልነግርህም። ለእናትህ በተለይ ይህችን ቃሌን አድርስልኝ፤ አንድ ሳምንት ብቻ፣ ከዚያ አላዛውርም።

ውብአለም


ጋይንት፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውብአለም፣

ይሁን። ጥር 25።

ያ ፍርሃት መልሶ መጥቶብሽ እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ። መጥቶ ከሆነ ጥር 25ም ቢመጣ አትደንግጪ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካባው ሥር ሆነን ልብሽ ቢነሣ እጄን ጨብጪኝ፣ እስኪያልፍ እንቆማለን። ሥርዓቱ ቢዘገይ ማንም አይሞትም። ሰው ግን ያወራል፤ "ሆዷ እስኪታይ ጊዜ እየገዛች ነው" ያለም አለ። ቀኑን ያዛወርሁት እኔ ነኝ ብያቸዋለሁ። ዲያቆን ሆኜ በመዋሸቴ ንስሐ እገባለሁ።

ለእናቴ መልእክትሽን ሳደርስላት ስለ ጠላው ትጮሃለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አየት አደረገችኝና "ጠላው ሌላ ይጠመቃል" አለችኝ። ምን እንደነካት አላውቅም።

ይሻው


ጋሳይ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለቄስ ይሻው አድማሱ፣

"ቄስ" ብዬ ስጽፍ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው፤ ብዕሬ ሳቀብኝ። የኔታ ዘንድ የቀረህን ዜማ ቶሎ ጨርስና ና። አባትህ ባለፈው እሑድ "ልጄ እስኪመለስ ነው" እያሉ በቃላቸው ቀደሱ፤ ለዓይናቸው ከትምህርት ቤት ሲፈቀድልኝ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ላደርሳቸው ተስማምተናል።

አሁን ከአንተ ጋር አንድ ቀሪ ሒሳብ አለኝ።

በጥምቀት ማግሥት ነው። ጠዋት ስነሣ ልማዴ መጥቶ ነበር። ተቀምጬ አለቀስሁ። አክስቴ ምን ሆንሽ ብለው ሲመጡ፣ ሳቅሁ። ለወራት ያላመነኝ ገላዬ "እኔው ነኝ" ብሎ የተመለሰ መሰለኝ። ያን ሰዓት ወደ ጌጡ ሮጬ ልልክልህ ነበር። ለሰፈሩ፣ ለባልቴቶቹ፣ ለጋይንት ገበያ ሁሉ ከዚህ የበለጠ መልስ የለም፤ እርጉዝ የሆነች ልማዷ አይመጣም። ቀኑን ያዛወርሁትም ለዚሁ ነው፤ በዚያ ሳለሁ ቤተ ክርስቲያን አልገባምና።

ግን አልነገርሁህም። በቃሌ ና ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ማስረጃው በእጄ ሲገባ ቃሌን በእሱ ልተካው? አንድ ሳምንት አሳጥቼህ፣ ድግስ አበላሽቼ፣ ምክንያት ሳልሰጥህ፣ ትመጣ እንደሆነ ማየት ፈለግሁ። ጭካኔ ነው ካልኸኝ እሺ እላለሁ።

እናትህ ግን ወዲያው ገብቷቸው ኖሯል። ሙሽራ ቀን ስታዛውር ምን ማለት እንደሆነ ሴት ታውቃለች። ወሬውን ሁሉ በአንድ ቃል ሊዘጉት ሲችሉ፣ ለአባትህም ለአንተም አልተነፈሱም። ትናንት ጠየቅኋቸው። "ልጄ ሳያውቅ ይግባ ብዬ ነው፤ እንዲያ የገባ አይወጣም" አሉኝ። አንተ ቅኔ ትፈታለህ፣ ቄስ አባትህ መጽሐፍ ይተረጉማሉ፤ ይህን ግን ሁለታችሁም አልፈታችሁትም።

እና መጣህ። ምንም ሳታውቅ፣ ሰው እያሾከሾከ፣ ካባው ሥር ገብተህ ቆምህ። ልቤ ተነሥቶ እንደነበር ታውቃለህ፤ እጄን ስለያዝኸው። ከፍርሃት ይምጣ ከደስታ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ዶክተር ሊድያን ብጠይቃት ለዚህኛው ስም የለኝም አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ክኒኔን እዚህ ሳሎን፣ እንግዳ ባለበት ዋጥሁት። ውኃውን ያቀበሉኝ እናትህ ናቸው።

ሚስትህ ውብአለም